አሮጌ ጌም በአዲስ ቲቪ፦ ኪስ የማይጎዳ ኮንሶል ለመግዛት ምኑን እንይ?

ካርቶኑ ላይ በትልቁ «10,000 ጌም» ተጽፏል። ከሥሩ «4ኬ» ይላል። ስከፍተው ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ ጥቁር ስቲክ፣ ሁለት ገመድ አልባ ጆይስቲክና አንዲት ሚሞሪ ካርድ ወጡ። ዋጋው ርካሽ ነበርና ብዙም ሳላመነታ ነው የገዛሁት። ከቲቪው ጀርባ ሰካሁት፣ ሱፐር ማሪዮን ከፈትኩ፣ እየሮጥኩ የመጀመሪያው ገደል አፋፍ ላይ ስደርስ የመዝለያውን ቁልፍ ተጫንኩ። ማሪዮ ዘለለ፤ የዘለለው ግን ትንሽ ካሰበበት በኋላ ነው፣ ያውም መሬቱ ካለቀ ወዲያ። ልጅ ሳለሁ ከሰው እያወራሁ የማልፋት ገደል አምስት ጊዜ በላችኝ። መጀመሪያ ያማሁት እጄን ነበር፤ አርጅቷል አልኩ።

ኋላ ሳጣራ ጥፋቱ የእጄም የማሪዮም አልነበረም። ከጆይስቲኩ እስከ ስክሪኑ ባለው መንገድ ላይ መልእክቱን የሚቀባበሉ በርካታ አስተርጓሚዎች አሉ። እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ጊዜ ይወስዳሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ የሚተረጉሙትን ቋንቋ በቅጡ አያውቁትም። ርካሽ ሬትሮ ኮንሶል ስንመርጥ በአብዛኛው የምንመርጠው እነዚህን አስተርጓሚዎች ነው። የጌሙ ብዛትና የካርቶኑ ውበት ከዚያ ወዲያ የሚታዩ ናቸው።

## «ሬትሮ ኮንሶል» የሚባለው የትኛው ነው?

ጥብቅ ትርጉም የለውም። አብዛኛው ሰው ቃሉን የሚጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ለወጡት ነው፦ የኒንቴንዶ ፋሚኮም (1983)፣ የሴጋ ሜጋ ድራይቭ (1988)፣ ሱፐር ፋሚኮም (1990)፣ የሶኒ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን (1994)፣ ኒንቴንዶ 64 (1996)። ዓመቶቹ በጃፓን ገበያ የወጡበት ነው።

ዛሬ በዚህ ስም የሚሸጠው ግን አራት ዓይነት ነው። ያገለገለ ኦሪጅናል ኮንሶል አለ። ካምፓኒው ራሱ አሳንሶ እንደገና ያወጣው «ሚኒ» አለ። እኔን ያታለለኝ ዓይነት ስም የለሽ ስቲክ አለ። አራተኛው ደግሞ ቤት ባለ ኮምፒውተር ላይ በሶፍትዌር የሚሠራው ነው። አራቱም ያንኑ ማሪዮ ያሳያሉ፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው።

## የድሮ ጌም አዲስ ቲቪ ላይ ለምን አያምርም?

ጀርባው ያበጠው የድሮ ቲቪ ምስል የሚሠራው በኤሌክትሮን ጨረር ነበር። ጨረሩ፣ ሰው መስመር ባለው ደብተር ላይ እንደሚጽፈው፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየተጓዘና መስመር እየቀየረ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን በሰከንድ 60 ጊዜ፣ በሌላው የስርጭት ዓይነት ደግሞ 50 ጊዜ ይደጋግማል። የቲቪ ስርጭት በአንዱ ዙር 1፣ 3፣ 5 እያለ፣ በሚቀጥለው 2፣ 4፣ 6 እያለ መስመሮቹን ይሞላና ሁለቱ ግማሾች ዓይናችን ላይ ተጋጥመው አንድ ምስል ይሆናሉ።

የዚያ ዘመን ኮንሶሎች እዚህ ላይ አንድ ብልሃት ነበራቸው። በየዙሩ እዚያው መስመር ላይ ደግመው ይጽፉና መሃል መሃሉን ጨለማ ይተዉታል። ስለዚህ ምስሉ 240 መስመር ገደማ ብቻ ነው፤ ግማሽ ሳይሆን ሙሉ ምስል ግን በሰከንድ 60 ጊዜ ይመጣል። 240ፒ የሚባለው ይህ ነው። በድሮ ቲቪ ላይ የምናስታውሳቸው ቀጫጭን ጥቁር መስመሮችም ያልተጻፈባቸው መስመሮች ናቸው።

አዲሱ ቲቪ ጨረር የለውም። ያሉት ከቦታቸው የማይነቃነቁ ነጥቦች፣ ማለትም ፒክስሎች ናቸው፦ ሙሉ ኤችዲ ከሆነ 1920 በ1080፣ 4ኬ ከሆነ 3840 በ2160። ፋሚኮም የሚሠራው ምስል ደግሞ 256 በ240 ነው። 4ኬ ቲቪ ይህን ስክሪን ለመሙላት በአንዷ የጌም ነጥብ ፈንታ ከራሱ ከ100 በላይ ነጥቦች ማብራት አለበት። ነጥቧን እንዳለች ብዙ ጊዜ ቢደግማት ጥርት ያለ ካሬ ይወጣ ነበር። ብዙ ቲቪዎች ግን የተሠሩት ለፊልም ነውና ጠርዙን እያለሰለሱ ያሰፉታል። ያ ነው የሚደበዝዘው።

ከዚህ የባሰ ስህተትም አለ። ብዙ አዳዲስ ቲቪዎች 240ፒን አያውቁትም። የሚመጣላቸውን ምስል እንደ ስርጭቱ ግማሽ ምስል ይቆጥሩትና ከቀጣዩ ጋር ሊያጋጥሙት ይሞክራሉ። የማይጋጠመውን ሲያጋጥሙ የሚሮጥ ነገር ሁሉ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል። አስቂኙ ነገር የሚመጣው ገጸ ባሕሪው ተመትቶ ብልጭ ድርግም ሲል ነው። አንዱ ምስል ላይ አለ፣ ሌላው ላይ የለም፤ ቲቪው ሁለቱን ሲያዋህድ ሰውዬው ግማሽ አካሉ ብቻ ይቀራል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። አንዳንዱ ቲቪማ ምስሉን አልቀበልም ብሎ «ሲግናል የለም» ይላል።

በነገራችን ላይ ጥራት ሁልጊዜ ለድሮ ጌም ውለታ አይሆንለትም። በ1991 የወጣውን ሶኒክ ተመልከቱ። ፏፏቴው የተሳለው አንድ ቋሚ መስመር ውሃ፣ አንድ ቋሚ መስመር ባዶ እየተባለ ነው። የድሮ ኮንሶል ምስሉን ወደ ቲቪ በሚልክበት ቢጫ ኬብል ሲያልፍ መስመሮቹ ይደባለቁና አሳላፊ ውሃ ይመስላሉ። ጥርት ባለ ስክሪን ላይ ግን ፏፏቴው የእስር ቤት ፍርግርግ ነው። ሠዓሊዎቹ ድብዘዛውን እንደ ቀለም ተጠቅመውበት ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አዲስ ቲቪ ላይ ከነአካቴው አይሠራም፦ ዳክ ሀንት በሚባለው የዳክዬ አደን ጌም የሚተኮስበት ሽጉጥ። ቃታው ሲሳብ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጨልምና ዳክዬው ያለበት ቦታ ላይ ነጭ ሳጥን ይበራል፤ ሽጉጡ አፈሙዝ ውስጥ ያለችው ዳሳሽ የምትጠብቀው የድሮውን ቲቪ ብርሃን፣ ያውም በሰዓቱ ነው። አዲሱ ቲቪ አርፍዶ ስለሚያበራው ዳክዬው ሁልጊዜ ያመልጣል። ኮንሶል የምትፈልጉት ለዚህ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ።

## ተጭኜ ሳበቃ የሚዘገየው ለምንድን ነው?

ጌሙ በሰከንድ 60 ምስል ስለሚያሳይ አንዱ ምስል የሚቆየው 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። የድሮው ቲቪ የመጣለትን ወዲያው ይጽፋል፤ መካከል ላይ የሚያስብ የለም። አዲሱ ቲቪ ግን ምስሉን ተቀብሎ ያጠራዋል፣ ቀለሙን ያሳምረዋል፣ እንቅስቃሴውን ለማለስለስ በሁለት ምስሎች መሃል የራሱን ምስል ፈጥሮ ያስገባል። ይህ ሁሉ ሲደመር ከ50 እስከ 100 ሚሊሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ፊልም ስናይ ድምፁም አብሮ ስለሚዘገይ አይታወቀንም። የዘለለው ማሪዮ ከሆነ ግን 100 ሚሊሰከንድ ማለት ስድስት ምስል ነው፤ ለመውደቅ በቂ ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ በአብዛኞቹ ቲቪዎች ውስጥ ተቀምጧል፣ በነፃ። ሴቲንግ ውስጥ «ጌም ሞድ» የሚል አለ። ሲበራ ቲቪው ማሳመሩን ትቶ የመጣለትን ቶሎ ያሳያል፤ በብዙ አዳዲስ ቲቪዎች መዘግየቱ ወደ 20 ሚሊሰከንድና ከዚያ በታች ይወርዳል። እዚያው ሳላችሁ የምስሉን ስፋት ወደ 4 ለ3 መልሱት። የድሮ ጌም የተሠራው ካሬ ለሚቀርብ ስክሪን ነው፤ በ16 ለ9 ሲለጠጥ ሁሉም ነገር በሲሶ ይሰፋል፣ ማሪዮም ይወፍራል። ግራና ቀኝ ጥቁር ቦታ መቅረቱ ትክክል ነው፣ ቲቪው አልተበላሸም።

አንድ ብር ሳታወጡ በፊት ይህን አድርጉ የምለው፣ እኔ ከገዛሁ በኋላ ነው ያደረግኩት።

## ያገለገለ ኦሪጅናል ብገዛስ?

ስሜቱን የሚተካው የለም። ካርትሪጁን፣ ብዙዎቻችን ካሴት የምንለውን፣ ነፍቶ መክተት ራሱ ግማሽ ደስታ ነው (መንፋቱ ግን የምራቅ እርጥበት ፒኖቹን ከማዛግ በቀር ጥቅም የለውም)። ዋጋውን የሚያወሳስበው ኬብሉ ነው።

ኤችዲኤምአይ እንደ ደንብ የወጣው በ2002 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ኮንሶሎች ምስሉን የሚልኩት በአናሎግ ነው። ደካማው በአንቴና መግቢያ የሚገባው ነው። ቢጫው፣ ከቀይና ከነጭ የድምፅ ኬብሎች ጋር የሚመጣው፣ ቀለሙንም ብርሃኑንም በአንድ ሽቦ ስለሚያጭቅ ይደበዝዛል። ኤስ-ቪዲዮ ሁለቱን ይለያያል። ስካርት የሚባለው ሰፊ መሰኪያ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊውን ለየብቻ ስለሚልክ ከሁሉም የጠራ ነው። አዳዲስ ቲቪዎች እነዚህን መሰኪያዎች አንድ በአንድ እየተዉ ነው፤ ስለዚህ በመሃል ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ሳጥን ያስፈልጋል።

ርካሹ ሳጥን ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። የተሠራው ለቪዲዮ ማጫወቻ ነው፤ ልክ እንደ ቲቪው 240ፒን ግማሽ ምስል ነው ብሎ ያምናል፣ የራሱን መዘግየት ይጨምራል፣ ከዚያ ቲቪው የራሱን ይደርባል። ቋንቋውን የሚያውቁት፣ እንደ ሬትሮቲንክና ኦኤስኤስሲ ያሉት፣ ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያበዙት መዘግየታቸው የማይታወቅ ነው። ግን ብዙ ጊዜ ከኮንሶሉ ይበልጥ ይወደዳሉ። ያገለገለ ኮንሶል ስታሰሉ የዚህን ሳጥን ዋጋ ካልደመራችሁ ሒሳቡ ውሸት ነው።

ዕድሜውም አለ። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ያረጃሉ፣ የዲስክ አንባቢው ሌዘር ይደክማል፣ ጌም ሴቭ የሚያደርጉ ብዙ ካርትሪጆች ውስጥ ያለችው ክብ ባትሪ ስታልቅ ያስቀመጥነው ሁሉ ይጠፋል። ባለ 50 ኸርዙ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚያሳየው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ለዚያ ፍጥነት ያልተስተካከሉ ጌሞች 17 በመቶ ገደማ ቀስ ይላሉ፤ ሙዚቃውም አብሮ ይጎተታል።

ብዙ ሰው የማያስበው አቋራጭ አለ፦ ትንሽ ዘመን ወደዚህ መምጣት። በ2006 የወጣው ፕሌይስቴሽን 3 የራሱ ኤችዲኤምአይ አለው፣ የፕሌይስቴሽን 2ን ጌም የማያጫውቱት ጭምር ሁሉም ሞዴሎቹ የፕሌይስቴሽን 1ን ዲስክ ያጫውታሉ። የዲስኩና የኮንሶሉ የሽያጭ ክልል አንድ መሆኑን ብቻ ማየት ነው። የፕሌይስቴሽን 1 ዲስኮች ካሏችሁ ከዚህ የተሻለ ርካሽ መንገድ አላውቅም። ሳጥን የለ፣ ቢጫ ኬብል የለ።

## ሚኒዎቹስ?

ለአብዛኛው ሰው መልሱ እዚህ ያለ ይመስለኛል። ኒንቴንዶ የመጀመሪያውን ሚኒ በ2016 በ60 ዶላር ሲያወጣ 30 ጌሞች ውስጡ ተጭነው፣ ምስሉ በኤችዲኤምአይ እየወጣ ነበር። በ2017 የመጣው የሱፐር ኒንቴንዶ (ሱፐር ፋሚኮም ከጃፓን ውጭ የሚጠራበት ስም) ሚኒ 21 ጌም ብቻ አለው፤ ከእነሱ አንዱ ስታር ፎክስ 2 ነው፣ በ1990ዎቹ ተሠርቶ ሳይሸጥ የቀረው። የሴጋው ሜጋ ድራይቭ ሚኒ በ2019 ከ42 ጌም ጋር ወጣ። እነዚህ ላይ አስተርጓሚው ጌሙን የሚያውቅ ባለሙያ ነው፤ ምስሉ በልኩ ያድጋል፣ 4 ለ3ም ሆኖ ይመጣል።

ካምፓኒው ራሱ ሠራው ማለት ግን ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ሶኒ በታኅሣሥ 2018 በ100 ዶላር ያወጣው ፕሌይስቴሽን ክላሲክ ውስጥ ከ20ዎቹ ጌሞች የተወሰኑት ባለ 50 ኸርዞቹ ቅጂዎች ነበሩ። በዚያ ላይ ተወዳጅ ጌሞች ስለጎደሉት ተጫዋቹ ፊቱን አዞረበት፣ ዋጋውም ብዙ ሳይቆይ ወረደ። የኒንቴንዶው የመጀመሪያ ሚኒም እንከን አላጣውም፦ የጆይስቲኩ ገመድ 80 ሴንቲሜትር አይሞላም፤ ከቲቪው አፍንጫ ሥር መሬት ላይ ተቀምጦ መጫወት ነው፣ እንደ ልጅነት።

ዛሬ ሚኒዎቹ ብዙዎቹ ከምርት ስለወጡ የሚገኙት ያገለገሉ ናቸው፤ ፎርጅዱም አብሮ በዝቷል። መለያው ቀላል ነው። የኒንቴንዶው ኦሪጅናል 30 ጌም ነው ያለው፤ «620 ጌም» ከተባለ ወይም የሚወጣለት ቢጫ ኬብል ከሆነ ሌላ ዕቃ ነው።

## «10,000 ጌም» የሚለው ስቲክ ማጭበርበር ነው?

ቁጥሩ ላያታልል ይችላል፤ ትርጉሙ ነው የሚያታልለው። የመጀመሪያው ሱፐር ማሪዮ መላ ጌሙ 40 ኪሎባይት ነው። በስልክ የተነሳች አንዲት ፎቶ ከእሱ በብዙ ትበልጣለች። እንዲህ ያሉ ጌሞችን አሥር ሺህ ብንደረድር 400 ሜጋባይት ነው። ለሻጩ ከመቶ ወደ አሥር ሺህ መጨመር ምንም አያስወጣውም። የእኔን ስቲክ ዝርዝር ወደ ታች ስወርድ አንዱን ጌም በጃፓንኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ ቀለሙ ተቀይሮ፣ ከሦስተኛው ደረጃ ጀምሮ እየተባለ አሥራ አንድ ቦታ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውኩ።

ስቲኩ ጌሙን የሚያጫውተው ኢሙሌተር በሚባል ሶፍትዌር ነው፤ የድሮውን ማሽን ጠባይ የሚያስመስል ፕሮግራም ማለት ነው። ኢሙሌተር በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሶኒ ኮኔክቲክስ የተባለውን ድርጅት በዚህ ከሶት በ2000 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለኮኔክቲክስ ፈርዷል። ችግሩ ያለው ጌሞቹ ጋ ነው፤ ያለ ባለመብቶቹ ፈቃድ ተገልብጠው የሚሸጡ ናቸው። «4ኬ» የሚለው ደግሞ ያችው 240 መስመር ምስል ተለጥጣ መውጣቷን እንጂ ጌሙ መቀየሩን አያሳይም።

በዕቃው ላይ በቶሎ የሚበላሸው ሚሞሪ ካርዱ ነው፤ ርካሹን ስለሚያስገቡበት። በቶሎ የሚያናድደው ደግሞ ገመድ አልባው ጆይስቲክ ነው። ስቲኩ ባለ ገመድ የዩኤስቢ ጆይስቲክ የሚቀበል ከሆነ ያ ብቻውን ብዙ ይለውጣል።

## ቤት ባለ ኮምፒውተርስ አይሆንም?

ይሆናል፤ ኤችዲኤምአይ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ከእነዚህ ስቲኮች አብዛኞቹን ያስከነዳል። ሬትሮአርክ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ፋሚኮምንና ሜጋ ድራይቭን ለማስኬድ ኃይለኛ ማሽን አይጠይቅም። «ረን-አሄድ» የሚል ሴቲንግም አለው፤ ጌሙን በድብቅ አንድ ሁለት ምስል ቀድሞ እያስኬደ ከመዘግየቱ ይቀንሳል። ላፕቶፕ ከሌለ ራስፕበሪ ፓይ የተባለችው መዳፍ የማትሞላ ኮምፒውተር አለች። ዋጋው ገንዘብ ሳይሆን ትዕግሥት ነው፤ የመጀመሪያው ምሽት በሴቲንግ ያልቃል። ጌሞቹን በሕጋዊ መንገድ ማግኘትም የራሳችሁ ኃላፊነት ይሆናል።

ኤፍፒጂኤ የሚል ቃልም ታገኛላችሁ። ኢሙሌተር የድሮውን ማሽን በሶፍትዌር ያስመስላል፤ ኤፍፒጂኤ ግን የውስጥ ዑደቷ እንደ ድሮው ማሽን ሆኖ እንዲደራጅ የምትደረግ ቺፕ ናት። ድንቅ ነው፣ ርካሽ ግን አይደለም፤ እዚህ ላይ እንለፈው።

## እሺ፣ ሳልገዛ በፊት እንዴት ልሞክረው?

ካርትሪጅ ወይም ዲስክ እቤት ከሌለ ኦሪጅናል ኮንሶል መግዛት ሁለት ጊዜ መክፈል ነው፤ ኦሪጅናል ሚኒ ወይም ላፕቶፑ ይበጃል። ካለ ደግሞ መጀመሪያ የቲቪውን ጀርባ ዞራችሁ የቀሩትን መሰኪያዎች እዩ። ከዚያ የቀረው መዘግየቱን መለካት ነው፣ እሱም ከስልክ ሌላ አይጠይቅም።

ብዙ ስልኮች በሰከንድ 240 ምስል የሚቀርጽ ስሎው ሞሽን አላቸው። ጌሙን ክፈቱ፣ ጆይስቲኩን ከስክሪኑ ፊት ያዙት፣ ጣታችሁም ማሪዮም አንድ ላይ እንዲታዩ አድርጋችሁ ቅረጹና ዝለሉ። ከዚያ ቪዲዮውን አንድ በአንድ እየገፋችሁ ቁልፉ ከተጫነበት ማሪዮ መሬት እስከለቀቀበት ያለውን ቁጠሩ። አንዱ ምስል 4 ሚሊሰከንድ ግድም ነው፤ 24 ከሆነ አንድ አሥረኛ ሰከንድ አለፈ ማለት ነው። ያ ከሆነ ዕቃውን መልሱት፣ ወይም ጌም ሞዱን አብሩና ደግማችሁ ቁጠሩ።

እኔ ጌም ሞዱን ሳበራ ቁጥሩ በግማሽ ግድም ወረደ። ባለ ገመድ ጆይስቲክ ስሰካ ደግሞ ትንሽ ቀነሰ። የመጀመሪያዋን ገደል አሁን አልፋታለሁ፤ ሁለተኛዋን ዓለም ጨርሼ ሦስተኛው ላይ ደርሻለሁ። እዚያ የምሞተው በራሴ ጥፋት ነው።